መምህሩም ጤና ያስፈልገዋል፦ የሥራ ጭንቀትና የአካል እንቅስቃሴ በጋምቤላ ትምህርት ቤቶች

መግቢያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ሲሆን፣ ከሦስት ቀናት በኋላ በመላ ሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ትምህርት ቤቶቹ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ወር ነው። ተማሪው ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጭምብል እንዲያደርግ፣ እጁን በሳሙናና በውኃ እንዲታጠብ፣ ከጓደኛው እንዲራራቅ ተነገረው። ይህ ሁሉ በየቀኑ መፈጸሙን ቆሞ ይከታተል የነበረው መምህሩ ነው። ስለ ተማሪዎች ጥንቃቄ ብዙ ምክር ሲሰጥ፣ ምክሩን ተግባራዊ የሚያደርገው መምህር ጤና ግን እምብዛም አይነሳም።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በጋምቤላ ከተማና በክልሉ ወረዳዎች ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለቤተሰቦቻቸው፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለወላጆች ነው። ትምህርቱን ያነበበ ሰው የሚከተሉትን ይረዳል ተብሎ ይታሰባል፦

1. የሥራ ጭንቀት በአካልና በአእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ፤
2. ጭንቀትን ከወባና ከኮቪድ-19 ምልክቶች ለይቶ የማየት አስፈላጊነት፤
3. በጋምቤላ የአየር ጠባይ የአካል እንቅስቃሴ መቼና እንዴት እንደሚደረግ፤
4. ከመምህሩ ጥረት በተጨማሪ ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት።

የጋምቤላ መምህር የሥራ ሁኔታ

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ በሆነ ቆላማ ሥፍራ ላይ ትገኛለች። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊጠጋ፣ አንዳንድ ቀንም ሊያልፍ ይችላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀትር በኋላ የሚያስተምር መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ላቡን እየጠረገ ይውላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ባሮና ሌሎች ወንዞች ሞልተው እንደ ኢታንግ፣ ላሬና ጂካዎ ባሉ ዝቅተኛ ሥፍራዎች መንገድና መኖሪያ በውኃ የሚያዝበት ጊዜ አለ።

ሥራው ራሱም ቀላል አይደለም። በክልሉ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ብሔረሰቦች እንዲሁም ከሌሎች የሀገሪቱ ክፍሎች የመጡ ዜጎች አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ይቀመጣሉ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ወዲህ ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ተቀብሏል። እንደ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጄዊና ፑኝዶ ባሉ መጠለያዎች የሚያስተምሩ መምህራን በጣም የተጨናነቁ ክፍሎች ያጋጥሟቸዋል፤ ከተማሪዎቻቸውም መካከል ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡና የመከራ ትዝታ ያለባቸው ብዙ ናቸው።

ወረርሽኙ በዚህ ላይ ተጨማሪ ሸክም አምጥቶ ነበር። መራራቅን ለመጠበቅ ሲባል አንድ ክፍል ለሁለት ሲከፈል፣ መምህሩ ያንኑ ትምህርት ደጋግሞ ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ያመለጠውን ትምህርት ማካካስ ይጠበቅበት ነበር። ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጆችን፣ በተለይም በመዘጋቱ ወቅት ለትዳር የተሰጡ ልጃገረዶችን ፈልጎ መመለስም የእርሱ ሥራ ሆኖ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር በሽታውን ከክፍል ወደ ቤቱ፣ ወደ ልጆቹና ወደ ዕድሜ ባለጸጋ ወላጆቹ ይዤ እሄዳለሁ የሚል ሥጋት ነበረበት።

የሥራ ጭንቀት ምንድን ነው?

የሥራ ጫናና የሥራ ጭንቀት አንድ አይደሉም። ጫና በሰው ላይ የሚወድቀው የሥራ ክብደት ነው፤ ጭንቀት ደግሞ ክብደቱ ከአቅም፣ ከጊዜና ከሚገኘው ድጋፍ ሲበልጥ አካልና አእምሮ የሚሰጡት ምላሽ ነው። ሁለት መምህራን እኩል ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ አንዱ የሚያማክረው ሰው ካለው ሌላው ግን ብቻውን ከሆነ፣ ጭንቀታቸው እኩል አይሆንም። ስለዚህ ጭንቀት የስንፍና ወይም የድክመት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ችግሩ በጋምቤላ ብቻ የሚታይ አይደለም። በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላይ የተደረገና በ2012 ዓ.ም የታተመ ጥናት፣ ከመምህራኑ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በሥራ ጭንቀት ውስጥ እንደሆኑ አመልክቷል። ይህ ጥናት የተካሄደው ወረርሽኙ ወደ ሀገራችን ከመግባቱ በፊት እንደሆነ ልብ ማለት ያሻል።

ሰው የሚያስፈራ ነገር ሲገጥመው ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ፈጥኖ ይመታል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ጉበት ያከማቸው ስኳር ወደ ደም ይገባል፤ ጡንቻዎች ይወጠራሉ። ይህ ሁሉ ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚደረግ ዝግጅት ነው። በጫካ ውስጥ ጎሽ ለገጠመው ሰው ዝግጅቱ ሕይወቱን ያድናል፤ ሮጦ ካመለጠ በኋላም አካሉ ተመልሶ ይረጋጋል። የመምህሩ ጭንቀት ግን የሚመጣው ካልታረመ የደብተር ክምር፣ ከሚረብሽ ክፍል፣ ከዘገየ ደመወዝ ወይም ከበሽታ ሥጋት ነው። ከእነዚህ ሮጦ ማምለጥ አይቻልም። አካሉ በየቀኑ ለሩጫ ይዘጋጃል፤ መምህሩ ግን ቆሞ ይውላል፣ ማታም ተቀምጦ ደብተር ያርማል።

ይህ ሁኔታ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል የሚከተሉት ምልክቶች ይታያሉ፦

• የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፤
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከእንቅልፍ ደክሞ መነሣት፤
• በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ተማሪን ማመናጨቅ፤
• የሚያስተምሩትን መርሳት፣ ዕቅድ ለማውጣት መቸገር፤
• ከባልደረቦች መራቅ፣ በሥራ ደስታን ማጣት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ካልተፈታ የሥራ ጭንቀት የሚመጣውን መዛል በሦስት ነገሮች ይገልጸዋል። እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራ በልብ መራቅና ለሥራው ግድ ማጣት፣ እንዲሁም የሥራ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ከሦስቱ ሁለተኛው ለተማሪዎች እጅግ ጎጂ ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ እያለ ልቡ ከሌለ፣ የሚረዳው ያጣ ሕፃን ከትምህርት የሚርቀው ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው።

ድካም ሁሉ ጭንቀት አይደለም

በጋምቤላ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በክልሉ ወባ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ራስ ምታት፣ የሰውነት መድከም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የጡንቻ ሕመም የጭንቀት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የወባም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኮቪድ-19ም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለሆነም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ መተው ወይም ያለ ምርመራ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው።

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ሄዶ የወባ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ስሜት መጥፋት ካለ ደግሞ ከሌሎች ተለይቶ መቆየትና ከጤና ባለሙያ መመሪያ መቀበል ይገባል። ምርመራው ሁለቱም በሽታዎች እንደሌሉ ካሳየና ድካሙ ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ የሥራው ጫና በእርጋታ ሊታይ ይገባል። ትኩሳት ያለበት ሰው የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ የለበትም።

የአካል እንቅስቃሴ ለምን ይረዳል?

ብዙ መምህራን «ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየዋልኩ ምን ሌላ እንቅስቃሴ ያስፈልገኛል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ቦታ መቆም እግርንና ወገብን ያደክማል እንጂ ልብንና ሳንባን አያሠራም። ፈጣን የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት መንዳት ወይም የጓሮ እርሻ ሥራ ግን ትላልቅ ጡንቻዎችን በተከታታይ ያሠራል። ለሩጫ የተዘጋጀው አካል የተዘጋጀበትን ሥራ ሲያገኝ ወደ ደም የገባው ስኳር ይቃጠላል፣ የተወጠረው ጡንቻ ይፈታል፣ እንቅልፍም ይሻሻላል። አዘውትሮ መንቀሳቀስ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችን እንደሚቀንስ፣ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመከላከልና ለመቆጣጠር እንደሚረዳ በሰፊው ተረጋግጧል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ-19 ሲያዙ የበለጠ ስለሚጎዱ፣ ይህ ጥቅም ዕጥፍ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚህም ጋር በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋል። መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው ትንፋሽን ጨመር የሚያደርግ፣ ሆኖም እየተራመዱ ለመነጋገር የሚያስችል፣ ለመዝፈን ግን የማያስችል ነው። 150 ደቂቃ ብዙ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ማለት ነው። 30 ደቂቃውንም በሦስት አሥር ደቂቃ መከፋፈል ይቻላል። ከዚህ ያነሰ እንቅስቃሴም ቢሆን ፈጽሞ ካለመንቀሳቀስ ይሻላል።

በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የተለመደው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር የዚሁ ግንዛቤ ውጤት ነው። ሆኖም በወር አንድ ቀን መንቀሳቀስ በየሳምንቱ የሚደረገውን አይተካም።

ለጋምቤላ የሚስማማ እንቅስቃሴ

በደጋ ከተማ የሚሰጥ ምክር እንዳለ ለጋምቤላ አይሆንም። የሚከተሉትን ማስተዋል ይጠቅማል።

ሰዓት። ለእንቅስቃሴ የሚመረጠው ጊዜ ጎሕ ከቀደደ በኋላ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን መንገዱም በግልጽ ይታያል። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በፀሐይ ውስጥ ጠንካራ እንቅስቃሴ ማድረግ አይመከርም። ከሰዓት በኋላ የሚመች ሰው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይጨርስ፤ ከመሸ በኋላ የወባ ትንኝ መናከስ ትጀምራለችና።

ቦታ። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰውና ተሽከርካሪ በማይበዛበት መንገድ ላይ መራመድ ይቻላል። በባሮ ወንዝ ዳርቻ መራመድ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ በወንዙ አዞ ስላለና በክረምት ውኃው ስለሚበረታ ገብቶ መዋኘትም ሆነ ወደ ውኃው ጠርዝ መጠጋት አደጋ አለው።

ውኃ። ከመውጣት በፊት አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ በሙቀት ሲንቀሳቀሱም በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ሽንት ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ የጠጡት ውኃ አልበቃም ማለት ነው። የራስ መዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የሐሳብ መደበላለቅ ከታየ ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጥላ መግባት፣ ሰውነትን በውኃ ማቀዝቀዝና የጤና ባለሙያ ዘንድ መድረስ ይገባል።

መላመድ። ከደጋ አካባቢ ተመድቦ አዲስ የመጣ መምህር አካሉ ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ መጨመር ይችላል።

ጥንቃቄ። ሁለትና ሦስት ሆኖ መራመድ ብቸኝነትን ያርቃል፤ በወረርሽኙ ወቅት ግን ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ ይጠበቅ ነበር። በጠንካራ እንቅስቃሴ ጊዜ ጭምብል ትንፋሽን ስለሚያስቸግርና በላብ ስለሚርስ፣ በዚያን ወቅት ሰው በሌለበት ክፍት ቦታ ያለ ጭምብል መንቀሳቀስ፣ ወደ ሰው ሲጠጉ ግን መልሶ ማድረግ ይመከር ነበር። ከኮቪድ-19 ያገገመ ሰው ወደ እንቅስቃሴ የሚመለሰው ቀስ በቀስና በባለሙያ ምክር ነው፤ የደረት ሕመም ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማው ማቆም አለበት።

ለአንድ ሳምንት የሚሆን ዕቅድ

ሰኞ፦ 30 ደቂቃ ፈጣን የእግር ጉዞ።
ማክሰኞ፦ በቤት ውስጥ 20 ደቂቃ ጡንቻ ማጠንከሪያ። ከወንበር መቀመጥና መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መግፋት፣ ተረከዝን ማንሣትና ማውረድ፤ እያንዳንዱ አሥር ጊዜ፣ በሦስት ዙር።
ረቡዕ፦ 30 ደቂቃ ፈጣን የእግር ጉዞ።
ሐሙስ፦ የማክሰኞው ጡንቻ ማጠንከሪያ።
ዓርብ፦ 30 ደቂቃ ፈጣን የእግር ጉዞ።
ቅዳሜ፦ 60 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት ወይም የጓሮ እርሻ ሥራ።
እሑድ፦ ዕረፍት፤ ከቤተሰብ ጋር ማሳለፍ።

ይህ ዕቅድ በድምሩ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይሰጣል። በክፍለ ጊዜ መካከል ደግሞ ትከሻን ማዞር፣ አንገትን ወደ ግራና ቀኝ ማዘንበል፣ አራት እስኪቆጠር አየር ወደ ውስጥ ስቦ ስድስት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማስወጣት ውጥረትን ያረግባል። ለዚህ ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

የሴት መምህራን ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት። ውኃ መቅዳት፣ እህል ማዘጋጀትና ቤት ማጽዳት የአካል እንቅስቃሴ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ዕረፍት ሆነው ግን አይቆጠሩም። ከፈረቃ ወጥታ ወደ ምድጃ ለምትሄድ መምህርት «ተጨማሪ ስፖርት ሥሪ» ማለት ሸክም መጨመር ነው። ለእርሷ የሚያስፈልገው ባሏና ልጆቿ ሥራውን ተካፍለው በቀን ግማሽ ሰዓት ለራሷ እንድታገኝ ማድረግ ነው።

ለውይይት የቀረበ ምሳሌ

በጋምቤላ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ሳይንስ የሚያስተምር ወጣት መምህር ይታሰብ። ክፍሎቹ ለሁለት ስለተከፈሉ ያንኑ ትምህርት በቀን አራት ጊዜ ያስተምራል። ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስደው ማታ ማታ አረቄ መቅመስ ጀምሯል። ከዚህ በፊት ተማሪ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ጭምብሉን ያወለቀ ሕፃን ላይ ጮኾ አስለቅሶታል። ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት መምህርት ይህን አስተውለው ከሥራ በኋላ አነጋገሩት።

«ወንድሜ፣ ሰሞኑን ሻይ ላይም አትመጣም። ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ እትዬ፤ ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«ድካሙ ከመቼ ጀምሮ ነው? ትኩሳት አለህ?»

«ወር ሆኖታል። ትኩሳት እንኳ የለኝም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር ሳይ ልቤ ይመታል።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን ተመርመር። ክፍልህን እኔ እይዝልሃለሁ፤ ለርዕሰ መምህሩም አብረን እንነግረዋለን። ከነገ ወዲያ ደግሞ በ12 ሰዓት እኔ በምሄድበት መንገድ አብረን እንራመድ።»

መምህርቷ ያደረጉት ነገር በቅደም ተከተል ሊታይ ይገባዋል። አልወቀሱትም፤ «አይዞህ ያልፋል» ብለውም አልሸኙትም። በመጀመሪያ ጠየቁ፣ ቀጥለው ወደ ምርመራ መሩት፣ ከዚያ ክፍሉን በመያዝ የሥራውን ሸክም አቀለሉለት፣ በመጨረሻም አብረውት ለመራመድ ቀጠሮ ያዙ። ብቻውን የተጨነቀ ሰው እንዲንቀሳቀስ ቢመከር ብዙ ጊዜ አይጀምርም፤ የሚጠብቀው ሰው ካለ ግን ከአልጋው ይነሣል።

እንቅልፍ፣ ምግብና መጠጥ

አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጋምቤላ ሙቀት እንቅልፍ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ከመተኛት በፊት ገላን መታጠብ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት የሚያስጨንቅ ወሬ ከስልክ አለማንበብ ይረዳል። ማታ የሚጠጣ ቡናም እንቅልፍን ያርቃል።

አረቄና ቢራ ለጊዜው ያስተኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እንቅልፍን ይቆራርጣሉ፣ በማግስቱም ድካምን ይጨምራሉ። ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በቡድን ተቀምጦ መቃምም ለቫይረሱ መተላለፍ ምቹ ነው። በአካባቢው በቅርብ የሚገኙት ዓሣ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ማንጎና ቅጠላ ቅጠል ለመምህሩ ተስማሚ ምግቦች ናቸው። ቁርስ ሳይበሉ ወደ ክፍል መግባት ግን በሙቀት ላይ ራስ መዞርን ያመጣል።

የትምህርት ቤቱና የወረዳው ኃላፊነት

የአካል እንቅስቃሴ ጠቃሚ መሆኑ ከአቅም በላይ ለሆነ ሥራ ማካካሻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ከመጠን በላይ የተጫነ መምህር ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቢራመድ የተወሰነ ጉልበት ያገኛል፤ ጭነቱ ካልቀለለ ግን ያገኘውን ጉልበት እስከ ቀትር ይጨርሰዋል። ስለዚህ ርዕሳነ መምህራንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የሚከተሉትን ሊፈጽሙ ይገባል፦

• ፈረቃና ክፍለ ጊዜ በእኩልነት መደልደል፤ አንድ መምህር ሁለቱንም ፈረቃ በየቀኑ እንዳይሠራ ማድረግ፤
• በሙቀት ወራት ከባድ ትምህርቶችንና የሰውነት ማጎልመሻን ወደ ጠዋት ማምጣት፤
• ለመምህራን ጥላ ያለው ማረፊያ፣ የመጠጥ ውኃና የእጅ መታጠቢያ ማዘጋጀት፤
• መምህራን ከፈረቃ ውጭ በሆኑበት ግማሽ ቀን ስብሰባ አለመጥራት፤
• የታመመ መምህር ሳይፈራ እንዲመረመርና እንዲያርፍ መፍቀድ፣ ተተኪ አስቀድሞ ማዘጋጀት፤ ከሕመም የተመለሰውን ከመገለል መጠበቅ፤
• በሳምንት አንድ ጊዜ መምህራን በክፍት ቦታ ተቀምጠው ስለ ሥራቸው የሚነጋገሩበት ግማሽ ሰዓት መመደብ።

አብዛኞቹ ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት የሥራ ድልድሉን ከመምህራን ጋር ተቀምጦ ማየትን ነው። ወላጆችም ልጃቸው እጁን ታጥቦ፣ በሰዓቱ እንዲደርስ ሲያደርጉ ከመምህሩ ሸክም ከፊሉን ይወስዳሉ።

የባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በሚከተሉት ሁኔታዎች ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ሊዘገይ አይገባም፦

• ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ሲቆይ፤
• ሥራ መሥራት፣ መብላት ወይም መተኛት ሲያቅት፤
• ያለ መጠጥ ወይም ያለ ጫት መዋል የማይቻል ሲሆን፤
• ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲያጋጥም፤
• «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ሲመጣ።

የመጨረሻውን ሐሳብ የተናገረ ሰው ብቻውን መተው የለበትም። አጠገቡ ያለው ሰው ሳይፈርድበት አዳምጦ፣ አብሮት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የአእምሮ ጤና ችግር እንደ ማንኛውም ሕመም ሕክምና አለው፤ ጸሎትና የቤተሰብ ምክር ለሕመምተኛው መጽናኛ ሲሆኑ፣ ሕክምናውን ግን አያስቀሩም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትምህርት ቤታችሁ ከወረርሽኙ ወዲህ የመምህራን ሥራ በምን በምን ጨምሯል? ከእነዚህ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊቀልል የሚችለው የትኛው ነው?
2. በምሳሌው የቀረቡት መምህርት ባይጠይቁ ኖሮ በወጣቱ መምህርና በተማሪዎቹ ላይ ምን ሊደርስ ይችል ነበር?
3. በአካባቢያችሁ ጠዋት ለመራመድ የሚያመች ቦታ የትኛው ነው? ማን ከማን ጋር ሊጀምር ይችላል?
4. የሴት መምህራን የቤት ሥራ ጫና እንዲቀንስ ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል?
5. ካለፈው ወር ጀምሮ ዝም ያለ ወይም ከባልደረቦቹ የራቀ መምህር አለ? በዚህ ሳምንት ሄዶ የሚያነጋግረው ማን ነው?